ለሚንተባተብ ሰው የሥራ ቃለ መጠይቅ፦ ከዝግጅቱ እስከ ማግስቱ

የሥራ ቃለ መጠይቅ የተጠራ የሚንተባተብ ሰው የሚሰማው ምክር መቼም አንድ ነው። "ተረጋጋ፣ በረጅሙ ተንፍስ፣ ቀስ ብለህ አውራ።" ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። የሚሠራ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን አልጽፍም፣ እናንተም አታነቡም ነበር።

እኔም የምንተባተብ ነኝ። ተጠያቂ ሆኜም ጠያቂ ሆኜም ቃለ መጠይቅ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አውቃለሁ። ካየሁት ተነስቼ የያዝኩት አቋም አለ፤ መመሪያው በሙሉ እሱ ላይ የቆመ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ከመንተባተቡ ይልቅ የሚጎዳን እሱን ለመደበቅ የምናደርገው ነገር ነው። መልስ እናሳጥራለን። የምናውቀውን "አላውቅም" ብለን እናልፋለን። ዓይናችንን ጠረጴዛው ላይ እንተክላለን። ጠያቂው መንተባተባችንን ላያውቅ ይችላል። ማስታወሻው ላይ ግን "ሥራውን በደንብ አያውቀውም" ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ዝግጅታችን እየተንተባተብንም ቢሆን ማለት የፈለግነውን ብለን ለመውጣት ነው።

1. መጀመሪያ የራሳችሁን መንተባተብ እወቁት

መንተባተብ ሦስት ዋና ዋና መልክ አለው። አንደኛው ድምፅ መደጋገም ነው፦ "ታ-ታ-ታሪክ"። ሁለተኛው መጎተት ነው፦ "ስስስስሥራ"። ሦስተኛው መያዝ ነው። አፍ ለመናገር ይዘጋጃል፣ ድምፁ ግን ጭራሽ አይወጣም። ብዙ ሰው ሦስቱም አለበት፣ አንዱ ግን ይበረታበታል። ከዚህ ጋር ዓይን መጨፈን፣ አንገት መወጠር፣ እግር መምታት የመሳሰሉ ነገሮች ይመጣሉ። እነዚህ ቃሉን ለማስወጣት ስንታገል የለመድናቸው ናቸው።

ከ100 አዋቂ ሰው 1 ያህሉ ይንተባተባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። አንጎል ንግግርን ከሚያቀናጅበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው፤ በዘርም ይተላለፋል። ፍርሃት ያባብሰዋል እንጂ አያመጣውም። ይህን ልዩነት እናንተ ራሳችሁ አምናችሁ መያዝ አለባችሁ። ምክንያቱም ከፊታችሁ የሚቀመጠው ሰው ብዙ ጊዜ "ፈርቶ ነው" ብሎ ነው የሚያስበው።

አሁን ሥራ ጀምሩ። ለጥቂት ቀናት ስልክ ስታወሩ የራሳችሁን ድምፅ ቅዱ፤ የሌላውን ሰው አይደለም። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ስሙት። ደስ አይልም፣ አውቃለሁ። ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ የትኛው ድምፅ ላይ ነው የምትያዙት? ሁለተኛ፣ በተያዛችሁ ጊዜ ምን ታደርጋላችሁ? "እንትን"፣ "ማለቴ"፣ "ያው" እያላችሁ ትሸሻላችሁ? ወይስ ቃሉን ትቀይራላችሁ?

ቃል መቀየሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚያስከፍል እሱ ነውና። አንድ ሰው "ፕሮጀክቱን የመራሁት እኔ ነኝ" ሊል ይነሳል። "መ" ላይ እንደሚያዝ ገና ሳይደርስበት ይታወቀዋል። ስለዚህ በሰከንድ ውስጥ መንገድ ይቀይርና "ፕሮጀክቱ ላይ አግዣለሁ" ይላል። ዓረፍተ ነገሩ ያለምንም እንከን ወጣ። ማንም የሰማው መንተባተብ የለም። ግን አሁን መሪው ሰውዬ ረዳት ሆኗል፤ ጠያቂውም እንደዚያው መዝግቦታል። የሚፈለግ ደሞዝ ሲጠየቅም እንዲሁ ነው። "ሠላሳ ሺህ" ለማለት አስቦ "ሠ"ን ፈርቶ "ሃያ አምስት" የሚል ሰው አለ። ቁጥር ተመሳሳይ ቃል የለውም፤ ከቀየራችሁት የቀየራችሁት ገንዘባችሁን ነው።

ስለዚህ ወረቀት አውጡና መቼም የማትቀይሯቸውን ቃላት ጻፉ። ስማችሁን፣ የተማራችሁትን ሙያ፣ የሠራችሁበትን ቦታ፣ ዋናውን ሥራችሁን የሚገልጸውን ግስ፣ የምትፈልጉትን ደሞዝ። እነዚህ ላይ ብትያዙም ተይዛችሁ ትሏቸዋላችሁ። ሌላው ቃል እንደፈለገ ይሁን።

2. ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል?

ይህ የግል ውሳኔ ነው፤ ማንም ሊያስገድዳችሁ አይችልም። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ ግን ንገሯቸው። ገና ከመጀመሪያው፣ በአጭሩ፣ ይቅርታ ሳትጠይቁ።

"ይቅርታ ሳትጠይቁ" የሚለው የእኔ ፈጠራ አይደለም። ኮርትኒ ቢርድ የተባለች የመንተባተብ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ የሚመለከት ጥናት አሳትማለች። አድማጮች መንተባተቡን በቀጥታ የሚናገረውን ሰው፣ ስለ መንተባተቡ ይቅርታ ከሚጠይቀው የተሻለ አድርገው ተመልክተውታል። ነገሩ ግልጽ ነው። ይቅርታ ስትጠይቁ ጥፋት እንዳለ ትነግሯቸዋላችሁ። እነሱም ጥፋቱን መፈለግ ይጀምራሉ።

መናገር ሌላም ጥቅም አለው። ከተናገራችሁ በኋላ የምትደብቁት ነገር የለም። የመደበቁ ሥራ የሚወስደው ጉልበት ወደ መልሱ ይመለሳል። አንዳንዶች ከተናገሩ በኋላ መንተባተባቸው ራሱ ይቀንሳል። ባይቀንስም ችግር የለውም፤ ጠያቂው ምን እያየ እንደሆነ ያውቃል።

እንዲህ ልትሉ ትችላላችሁ፦

"ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ስናገር እንተባተባለሁ። አንዳንድ ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ እችላለሁ። ሐሳቤን እስክጨርስ ብትጠብቁኝ ይበቃኛል። ያልገባችሁ ነገር ካለ ጠይቁኝ፣ ደግሜ እነግራችኋለሁ።"

በቃ። ከዚህ በላይ አታርዝሙት። በልጅነት እንዴት እንደጀመረ፣ የትኛው ሐኪም ምን እንዳለ፣ ትምህርት ቤት ምን እንደደረሰባችሁ መተረክ አያስፈልግም። ስለ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛና ስለ ጆ ባይደንም አታንሱ። ሁለቱም ይንተባተቡ እንደነበር እውነት ነው፤ ለቦታው የተወዳደራችሁት ግን እናንተ ናችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህችን አጭር መግቢያ ስትናገሩም ልትንተባተቡ ትችላላችሁ። ያ ጥሩ ነው። ስለ ምን እያወራችሁ እንደሆነ ወዲያው ይገባቸዋል።

ፊት ለፊት መናገር ከከበዳችሁ ከቀጠሮው በፊት በኢሜይል ማሳወቅ ይቻላል። "ለቃለ መጠይቁ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ስናገር የምንተባተብ መሆኔን አስቀድሜ ለማሳወቅ ነው" የሚል ሁለት መስመር በቂ ነው። ማመልከቻውና ሲቪው ላይ ግን ባትጽፉት እመርጣለሁ። መጀመሪያ በሥራችሁ ይመርጧችሁ።

3. ማመቻቸት መጠየቅ

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀ ነው። አንቀጽ 27 ስለ ሥራ ሲናገር፣ የቅጥርን ሂደት ጭምር ያነሳል። ስምምነቱ "ተመጣጣኝ ማመቻቸት" የሚለው ነገር፣ ማለትም ከሌላው እኩል እንድንወዳደር የሚደረግልን ማስተካከያ፣ በእኛ ጉዳይ ትንሽ ነው። ወጪም የለውም። ብዙ ጊዜ የሚበቃው ከእነዚህ አንዱ ነው፦ ተጨማሪ 10 ወይም 15 ደቂቃ፣ በስልክ ፈንታ በአካል ወይም በቪዲዮ መገናኘት፣ ወይም የጽሑፍ ክፍል መጨመር። ጥያቄው የሚቀርበው የቀጠሮው ቀን ሳይደርስ ለጠራችሁ ሰው ነው። ሕጉ በየአገሩ ምን እንደሚል ማወቅ ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ ግን አንቀጽ አትጥቀሱ፤ በቅንነት ጠይቁ።

ሁሉን ነገር መጠየቅም አያስፈልግም። የማትጠቀሙበትን ማመቻቸት አታብዙ።

4. መልስ አዘጋጁ፣ ግን አትሸምድዱ

መስታወት ፊት ቆሞ መለማመድ የተለመደ ምክር ነው። ለእኛ ግን ብዙም አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2021 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲው ኤሪክ ጃክሰንና ባልደረቦቹ የሚንተባተቡ 24 አዋቂዎችን አጥንተው ነበር። ሰዎቹ ማንም እንደማይሰማቸው አምነው ብቻቸውን ሲያወሩ መንተባተቡ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መስታወት ፊት ሙሉውን መልስ ያለ እንከን መድገማችሁ ስለ ቃለ መጠይቁ ምንም አይነግራችሁም። ይባስ ብሎ በማግስቱ ስትንተባተቡ "ትናንት እኮ እንዴት ነበርኩ" እያላችሁ ትበሳጫላችሁ።

ሽምደዳም እንደዚሁ ነው። አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ ማንበብ መንተባተብን እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ውጤቱ ግን ቶሎ ይጠፋል፤ ሰውና ቦታ ሲቀየርማ አብሮ አይመጣም። ደግሞ የሸመደደ ሰው ሌላ አደጋ አለበት። የሸመደዳት ቃል ላይ ሲያዝ የቀረው ሁሉ ይጠፋዋል።

ምን ይሻላል? ለእያንዳንዱ የሚጠበቅ ጥያቄ ሦስት አራት ነጥብ ብቻ በወረቀት ጻፉ። ዓረፍተ ነገር አይደለም፣ ነጥብ። ከዚያ ሰው ፈልጉ። ጓደኛ፣ እህት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ማንም ይሁን። መጀመሪያ ከምትቀርቡት ሰው ጋር፣ ቀጥሎ ከማትቀርቡት ሰው ጋር ተለማመዱ። የመጨረሻው ልምምድ ላይ ሰውየው ሆን ብሎ እንዲያቋርጣችሁ፣ ሰዓቱን እንዲያይ፣ ፊቱን እንዲያኮሳትር ንገሩት። ክፍሉ ውስጥ ለሚጠብቃችሁ ነገር የሚያዘጋጃችሁ ይሄ ነው።

ስማችሁን ለብቻው ተለማመዱ። ብዙ የሚንተባተብ ሰው የሚያዘው የገዛ ስሙ ላይ ነው፤ ስም በሌላ ቃል አይተካምና። በየቀኑ ለማታውቁት ሰው ስማችሁን የምትናገሩበት ሰበብ ፍጠሩ። ስልክ ደውላችሁ ስለ አንድ ዕቃ ጠይቁና "እገሌ እባላለሁ" በሉ። ፈቃደኛ ከሆናችሁ ደግሞ ሆን ብላችሁ ተንተባተቡ፤ በማትያዙበት ቃል ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ድምፁን ድገሙት። ሞኝነት ይመስላል። የንግግር ቴራፒስቶች ግን ለረጅም ዘመን ሲጠቀሙበት የኖሩት ዘዴ ነው። መንተባተቡ ሳይዛችሁ እናንተ ስትይዙት ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ሌላው የዓረፍተ ነገር ጉዳይ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ረጅም ዓረፍተ ነገር ጀምራችሁ መሃል ላይ ከተያዛችሁ ሰሚው ሠራችሁት ይሁን አልሠራችሁት ገና አያውቅም። ስለዚህ አሳጥሩ። "ሦስት ዓመት በሒሳብ ክፍል ሠራሁ። የወር መዝጊያውን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። አራት ሰዎች በሥሬ ነበሩ።" አንዱ ላይ ብትያዙ እንኳ የቀደመው ሐሳብ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ቃለ መጠይቁ በሁለተኛ ቋንቋችሁ የሚካሄድ ከሆነ ደግሞ በዚያው ቋንቋ ተለማመዱ። መንተባተብ በሁለት ቋንቋ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የሚይዛችሁ ድምፅም ሊለያይ ይችላል።

5. የቀጠሮው ዕለት

ጠዋት ዝም ብላችሁ አትዋሉ። የቀኑ የመጀመሪያ ቃላችሁ ቃለ መጠይቁ ላይ መሆን የለበትም። በመንገድ ላይ፣ በር ላይ ካለው ጥበቃ ጋር፣ እንግዳ ከምትቀበለው ሠራተኛ ጋር አውሩ። ከተንተባተባችሁ እሰየው፤ አንዱን አወጣችሁት።

"ልረጋጋ" ብላችሁ መጠጥ ወይም ሐኪም ያላዘዘላችሁን ክኒን እንዳትወስዱ። መንተባተብን የሚያስቀር ተብሎ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የጸደቀ መድኃኒት የለም። የሚያደነዝዝ ነገር የሚያደነዝዘው ሐሳባችሁንም ጭምር ነው።

ነጥቦቻችሁ ያሉበትን ወረቀት ይዛችሁ ግቡ። ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነውር የለውም። የደሞዝ ቁጥሩም እዚያ ላይ ይጻፍ።

6. ክፍሉ ውስጥ

ገባችሁ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሰላምታ ተለዋወጣችሁ፣ ተቀመጣችሁ። መሃል ያሉት ሴትዮ "እስቲ ራስህን አስተዋውቀን" አሉ።

አፋችሁን ከፈታችሁ፤ ስማችሁ ተያዘ። ጉሮሮ ተዘጋ። አንዱ ጠያቂ ወረቀቱን አየ። ሌላው ፈገግ አለ። ሁለት ሰከንድ ነው፤ ለእናንተ ግን ሙሉ ደቂቃ ነው። በዚህ ጊዜ ሰውነት የሚያዘው መግፋት ነው። የበለጠ ኃይል፣ የበለጠ መወጠር። አትግፉ። ቻርልስ ቫን ራይፐር የተባለው አሜሪካዊ የንግግር ቴራፒስት፣ እሱም የሚንተባተብ ሰው ነበር፣ ያስተማረው ዘዴ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በተያዛችሁበት ቦታ ቆዩ። ወደ ኋላ ተመልሳችሁ እንደገና አትጀምሩ። ውጥረቱ የት እንዳለ ይሰማችሁ፤ ከንፈር ላይ ነው፣ ምላስ ላይ ነው፣ ጉሮሮ ላይ ነው? እዚያችው ላይ ቀስ ብላችሁ አላሉት። ጥቂት አየር ይውጣ። ከዚያ ድምፁን እያንሸራተታችሁ ወደ ቀሪው ቃል ግቡ። ከንፈር ገጥሞ የሚወጣ ድምፅ ከሆነ፣ እንደ "በ" እና "መ"፣ ከንፈራችሁን በስሱ ብቻ አነካኩ።

ይህ በአንድ ቀን የሚለመድ አይደለም። ከንግግር ቴራፒስት ጋር ቢሆን ይመረጣል። ቴራፒስት ካላገኛችሁ ቢያንስ ሳምንታት አስቀድማችሁ በተራ ወሬ ላይ ሞክሩት። ቃለ መጠይቁ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ ዘዴ የሚሞክር ሰው ሁለት ፈተና ነው የሚፈተነው። ሳትለምዱት ቀኑ ከደረሰ ተዉት። እንደለመዳችሁት ተንተባተቡና ሐሳባችሁን ጨርሱ።

ዓይናችሁን ግን ከሰዎቹ ላይ አትንቀሉ። ከሁሉም ቴክኒክ አንዱን ብቻ ምረጡ ብትሉኝ ይሄን እመርጣለሁ። ስትያዙ ዓይናችሁ ከሸሸ እነሱም ይሸሻሉ፤ ክፍሉ በሙሉ ያፍራል። ዓይናችሁ እዚያው ከቆየ ግን "እየመጣሁ ነው፣ ጠብቁኝ" ብላችኋል። እነሱም ይጠብቃሉ።

ቃሉ ከወጣ በኋላ ይቅርታ የለም። ቀጥሉ።

አንዱ ቃላችሁን ቀምቶ ቢጨርስላችሁስ? ብዙ ጊዜ በደግነት ነው የሚያደርጉት። ልክ ቢሆኑም ቃሉን ራሳችሁ በሉትና ሂዱ። ከተሳሳቱ "አይደለም፣ ልል የፈለግኩት..." ብላችሁ አስተካክሉ። ስህተቱን በይሉኝታ ተቀብሎ ማለፍ አለ፤ እሱ አይሁን። ባልሠራችሁት ሥራ ላይ ጥያቄ ሲደረደር ታገኙታላችሁ። ሐሳባችሁ መሃል ላይ ወደ ሌላ ጥያቄ ካለፉ ደግሞ "ይቅርታ፣ የቀደመውን ልጨርስና እመለስበታለሁ" በሉ። ይቅርታ የሚባልበት ቦታ ይሄ ነው፤ ለጨዋነት እንጂ ለመንተባተቡ አይደለም።

"ስምህን ረሳኸው እንዴ?" የሚል ቀልደኛም አይጠፋም። አስቀድማችሁ ከነገራችኋቸው ይህ አይመጣም ማለት ይቻላል። ከመጣ ግን ፈገግ ብላችሁ "አልረሳሁትም፣ እንተባተባለሁ" በሉ። ሰውየው ራሱ ይደነግጣል። እዚያ ላይ አትቆዩበት፣ መልሳችሁን ቀጥሉ። ጠያቂ ሆኜ እንደታዘብኩት፣ ከተጠያቂው በላይ የሚጨነቀው ብዙ ጊዜ ጠያቂው ነው። የት ማየት እንዳለበት፣ ይርዳ አይርዳ አያውቅም። መንገዱን የምታሳዩት እናንተ ናችሁ።

ማሰብ ስትፈልጉ ደግሞ በይፋ አስቡ። "ትንሽ ላስብበት" በሉና ዝም በሉ። ያኔ የማሰቡ ዝምታ ከመያዙ ዝምታ ይለያል።

7. የሚከብዱት ጥያቄዎች

"ይህ ሥራ ከደንበኛ ጋር ብዙ ያነጋግራል። እንዴት ልትወጣው አስበሃል?" ይህ ጥያቄ ቢመጣ አትቀየሙ። ሳይጠይቁ በልባቸው ከሚወስኑ ቢጠይቁ ይሻላል። መልሱ ሦስት ነገር ይያዝ፦ አዎ እንተባተባለሁ፣ እስካሁን እንዲህ ሠርቻለሁ፣ እዚህም እንዲህ አደርጋለሁ። ለምሳሌ፦

"አዎ፣ ከደንበኛ ጋርም ስነጋገር እንተባተባለሁ። በቀድሞው ሥራዬ በየቀኑ ቅሬታ እቀበል ነበር። መጀመሪያ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሰዉ የሚያየው ችግሩ መፈታቱን ነው።"

የሥራ ልምድ ከሌላችሁ ከሌላ ቦታ አምጡ። ክፍል ፊት ያቀረባችሁትን ጥናት፣ በበጎ ፈቃድ ያስተማራችሁትን፣ ስብሰባ የመራችሁበትን። ያልሠራችሁትን ግን አትጨምሩ።

"ትልቁ ድክመትህ ምንድን ነው?" ሲባል መንተባተብን አትጥሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ቅን ስለሆነ። ጥያቄው ስለ ሥራ አያያዛችሁ ነው። "ሥራ ለሌላ ሰው ማካፈል ይከብደኝ ነበር፣ አሁን እንዲህ እያደረግኩ ነው" ዓይነት መልስ ስጡ። "መንተባተቤ ታጋሽ አድርጎኛል" የሚለውም እውነት ካልሆነ ይቅር። እኔን ታጋሽ አላደረገኝም።

"ሕክምና አልሞከርክም?" ካሉ መዘርዘር አይጠበቅባችሁም። "የምንተባተብ ቢሆንም ሥራዬን አያግደኝም። ስለ ሥራው ብንነጋገር ደስ ይለኛል" ብሎ መመለስ ይቻላል።

8. ስልክና ቪዲዮ

ስልክ ለብዙዎቻችን ከሁሉ የከፋው ነው። ፊት አይታይም፤ ዝምታው እንደ መቋረጥ ይቆጠራል። "ሃሎ፣ ሃሎ" ብለው ይዘጉታል። ስለዚህ ከተቻለ ቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። ካልተቻለ እንደተገናኛችሁ "እንተባተባለሁ። ዝም ካልኩ መስመሩ አልተቋረጠም፣ ቃል ይዞኝ ነው" በሉ። ይህች ዓረፍተ ነገር ብዙ ጥሪ ታድናለች። ቆማችሁ ማውራት፣ እጃችሁ ነፃ እንዲሆን የጆሮ ማዳመጫ መጠቀምም ይረዳል። ያልጠበቃችሁት ጥሪ መንገድ ላይ ከመጣ "አሁን አይመቸኝም፣ በዚህ ሰዓት ብንነጋገር?" ማለት መብታችሁ ነው።

ቪዲዮ ላይ ደግሞ መያዝና ኔትወርክ መቆም ይመሳሰላሉ። ምስሉ የደረቀ ይመስላል። ስትያዙ እጃችሁን ትንሽ አንቀሳቅሱ፣ ራሳችሁን ነቅንቁ። ካሜራችሁን አታጥፉ።

ማንም በሌላው በኩል ሳይኖር ለስክሪን መልስ የሚቀዳበት ዓይነት አለ። ጥያቄው ይወጣል፣ ሰዓት ይቆጠራል፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ መጨረስ አለባችሁ። ይህ ለእኛ ፍትሐዊ አይደለም፤ ሰዓቱ የሚለካው ፍጥነትን ነው። ሊንኩ እንደደረሳችሁ፣ ሳትከፍቱት፣ ወይ ተጨማሪ ሰዓት ወይ ከሰው ጋር የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ዋናውን ነጥብ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ አድርጉት። ሰዓቱ ቢቆርጣችሁም የተቆረጠው ማብራሪያው ይሆናል።

9. ከወጣችሁ በኋላ

ስንት ጊዜ እንደተንተባተባችሁ አትቁጠሩ። ይልቅ በዚያው ቀን እነዚህን ጻፉ፦ ማለት የፈለግኩትን ሁሉ አልኩ? ፈርቼ የቀየርኩት ቃል አለ? ያሳጠርኩት መልስ የትኛው ነው? ያሳጠራችሁት መልስ ካለ ገና አልረፈደም። የምስጋና ኢሜይል ላኩና እዚያ ላይ አሟሉት። "ስለ ወር መዝጊያው የጠየቃችሁኝ ላይ አንድ ነገር ልጨምር" ብላችሁ ሦስት አራት መስመር ጻፉ። በጽሑፍ ማንም አያቋርጣችሁም።

ካልተቀበሏችሁ ምክንያቱን በትህትና ጠይቁ። ምክንያቱ ሁልጊዜ መንተባተቡ አይደለም፤ የተሻለ ልምድ ያለው ሰው ተገኝቶም ይሆናል። "ንግግርህ ለቦታው አይሆንም" ካሏችሁ ግን መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁና ያዙት። ሥራው በእርግጥ ምን ዓይነት ንግግር እንደሚጠይቅ፣ ምን ማመቻቸት እንደታሰበም አብራችሁ ጠይቁ። ወደ ሕግ ባለሙያ ወይም ወደ አካል ጉዳተኞች ማኅበር ከሄዳችሁ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ያንን ወረቀት ነው።

ለሁለተኛ ዙር ከተጠራችሁ ደግሞ አዲስ የሚገቡትን ሰዎች ማንነት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለቀደሙት ድጋሚ መናገር አያስፈልግም፣ ያውቁታል። ለአዲሶቹ ያችው አጭር መግቢያ ትበቃለች።